ጤነኛ ሰው የደም ሥሩን መገተር ቢለካ ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

ደም ግፊት መለካት አሁን ብርቅ አይደለም። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ ክንዳችንን ዘርግተን "የላይኛው ስንት ነው? የታችኛውስ?" ማለት ለምደናል። ከዚያ አለፍ ያለ ምርመራ ግን አለ። የደም ሥር ምን ያህል እንደገተረ፣ ማለትም እንደ ድሮው መለጠጡን ምን ያህል እንደተወ፣ መርፌ ሳይገባ ቆዳ ሳይቀደድ ከላይ ከላይ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሄዶ "ሙሉ ቼክአፕ" ያደረገ ሰው ወረቀቱን ሲዘረጋላችሁ "የደም ሥርዎ ዕድሜ 52" የሚል መስመር ልታዩ ትችላላችሁ። ሰውየው አርባ አልሞላውም። ምንም አያመውም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ገበያ ውሎ ይገባል። ከዚያች መስመር በኋላ ግን እንቅልፍ የለውም።

እዚህ ላይ "52 ጥሩ ነው መጥፎ?" ብሎ መጨነቅ አይቀድምም። የሚቀድመው ሌላ ነው። ይሄው ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ቢለካ ያው ቁጥር ይመጣል ወይ? ሌላ ነርስ ብትለካውስ? በሌላ መሣሪያስ? በጠና የታመመ ሰው ላይ ልዩነቱ ከሩቅ ስለሚታይ ትንሽ ስህተት ብዙ አያሳስትም። የጤነኞች ቁጥር ግን እርስ በርሱ የተቀራረበ ነው። ልኬቱ ትንሽ ከተወላገደ ደህናውን ሰው በሽተኛ ያስመስለዋል፣ ወይም የተገላቢጦሽ።

የሚለካው ምንድን ነው?

ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ አኦርታ ይባላል። ልብ ሲመታ ደሙን በአንድ ጊዜ ይገፋዋል። አኦርታ ይለጠጥና ከፊሉን ይይዛል፣ ልብ ሲያርፍ ደግሞ ተመልሶ እየተኮማተረ ደሙን ወደፊት ይሰደዋል። ለዚህ ነው ልብ እየመታ እያረፈ ደሙ ግን ሳይቆራረጥ የሚፈሰው። ዕድሜ ሲገፋ፣ የደም ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ የስኳር በሽታ ሲጨመርበት፣ የሚለጠጠው ኢላስቲን የሚባለው ክር ይበጣጠሳል፤ የማይለጠጠው ኮላጅን ይበዛል። የደም ሥሩ ገተረ የምንለው ያኔ ነው።

ጣና ዳር በፓምፕ ውኃ እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ይሄን በጎማው ያውቀዋል። አዲስ ጎማ ፓምፑ ሲነሣ ያብጥና ግፊቱን ዋጥ ያደርገዋል። ፀሐይ ያከረረው ጎማ ግን አያብጥም። ፓምፑ ገና ድው ሲል ንዝረቱ ጫፉ ላይ ይደርሳል።

መሣሪያዎቹ የሚለኩትም ይሄንኑ ንዝረት ነው፤ የትርታ ሞገድ እንበለው። የሞገዱ ፍጥነትና የደሙ ፍጥነት የተለያዩ ናቸው፣ ብዙ ሰው የሚምታታውም እዚህ ጋ ነው። ደሙ ራሱ አኦርታ ውስጥ በአማካይ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሄድም። ሞገዱ ግን በወጣት ሰው ላይ በሴኮንድ 6 ሜትር ገደማ ይበራል፣ በሸመገለ ሰው ላይ ከ10 ያልፋል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1878 ሞንስና ኮርቴቬግ የተባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ሰዎች የቧንቧው ግድግዳ ሲገትርና ሲወፍር ሞገዱ እንደሚፈጥን፣ ቧንቧው ሲሰፋ ደግሞ እንደሚዘገይ በቀመር አስቀምጠውታል። (ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የምርምር ዓመታትም እንደዚያው።) ቀመሩ አሁንም የሞገዱን ፍጥነት ለሚለኩ መሣሪያዎች መሠረት ነው።

አምስት ሚሊ ሴኮንድ

ዋናው መንገድ ከአንገት እስከ ብሽሽት ያለውን መለካት ነው። ተመርማሪው በጀርባው ይተኛል። ለኪው እርሳስ በሚያክል ዳሳሽ የአንገቱን ትርታ፣ ቀጥሎ ወይም በአንድ ጊዜ የብሽሽቱን ትርታ ይይዛል። ሞገዱ አንገት ላይ በደረሰበትና ብሽሽት ላይ በደረሰበት ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ይወሰዳል። ከዚያ በሜትር ርቀቱ ይለካል። ርቀት ሲካፈል ለጊዜ። አለቀ። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ችግሩም እዚያው ሒሳቡ ውስጥ ነው። አንድ ሰው እንውሰድ። ከአንገቱ እስከ ብሽሽቱ ቀጥታ 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሞገዱ ከልብ ወጥቶ ወደ አንገትም ወደ ብሽሽትም በየፊናው ስለሚሄድ፣ በ2012 የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት ከቀጥታው ርቀት 80 በመቶው ይወሰድ ይላል። ስለዚህ 48 ሳንቲ ሜትር። ጊዜው 70 ሚሊ ሴኮንድ ቢሆን ፍጥነቱ በሴኮንድ 6.9 ሜትር ይመጣል። አሁን ጊዜውን በአምስት ሚሊ ሴኮንድ ብቻ አሳንሱት፣ 65 ይሁን። ፍጥነቱ 7.4 ሆነ። አምስት ሚሊ ሴኮንድ ማለት አንድ ሴኮንድ ለሁለት መቶ ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው። ዓይን ለመጨፈን እንኳ አይበቃም። ሰውየው ምንም ሳይሆን በግማሽ ሜትር "ገተረ"።

ሜትሩም እንዲሁ ነው። ቦርጭ ያለው ሰው ላይ ሜትሩ የሆዱን ጉብታ ተከትሎ ቢሄድና 60 የነበረው 63 ቢሆን፣ 6.9 የነበረው 7.2 ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ለኪ ሜትሩን ከሆድ በላይ ወጥሮ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ ወይም እንደ መቆንጠጫ ባለ መለኪያ ከላይ ይለካል።

የ80 በመቶው ነገር ደግሞ የባሰ ጣጣ አለው። ድሮ ብዙዎች ቀጥታውን ርቀት ሙሉውን ነበር የሚወስዱት። የእኛን ሰው በዚያ ብንለካው 60 ለ70 ሚሊ ሴኮንድ ሲካፈል 8.6 ይመጣል። ያው ሰው፣ ያው አልጋ፣ ያው ትርታ፤ በአንዱ ስሌት 6.9 በሌላው 8.6። በአውሮፓ የደም ግፊት መመሪያ ላይ በ2007 አሳሳቢ የሚባለው ከ12 በላይ ሲሆን ነበር፣ በ2013 ወደ 10 ወረደ። የወረደበት አንዱ ምክንያት ይሄው የርቀት አያያዝ ነው፤ 12ን በ0.8 ብታበዙት 9.6 ነዋ። አሮጌ ወረቀት ከአዲስ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ "ተሻለኝ" ማለት እንዴት እንደሚያሳስት እዩት።

የለኪው እጅም ሥራ አለው። የአንገት ትርታ ሲያዝ ዳሳሹ በዝቶ ከተጫነ፣ እዚያ ያለው ግፊት የሚያዳምጥ ነርቭ ይነካና የልብ ምት ይዘገያል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ሲላላ ደግሞ ሞገዱ ጥርት ብሎ አይወጣም። አንዳንዱ መሣሪያ አንገትን ይለካና ቆይቶ ብሽሽትን ይለካል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው በደረት ላይ ተለጥፎ የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ኢሲጂ ነው። በመካከል ተመርማሪው ከተደናገጠና የልቡ ምት ከተቀየረ ሁለቱ ልኬቶች የአንድ ሰው አይመስሉም።

እና ድንጋጤ አለ። ይሄን ማንም በመጽሐፍ አይጽፈውም ብዬ አላምንም፣ ግን እኛ አካባቢ ጠንከር ያለ ይመስለኛል። ከገጠር የመጡ እማማን አስተኝቶ "እማማ፣ ቀሚስዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ፣ ብሽሽትዎን ልያዝ" የሚል ወጣት ወንድ ባለሙያን አስቡት። እማማ ነጠላቸውን ጨብጠው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚለኩት። የሚመዘገበው የደም ሥራቸው ብቻ አይደለም፣ እፍረታቸውም አብሮ ነው። ሴት ባለሙያ፣ መጋረጃና አስቀድሞ በደንብ ማስረዳት እዚህ የልኬቱ አካል ናቸው።

ከቡና በኋላ ወይስ በፊት?

የደም ሥር ግትርነት እንደ ቁመት አይደለም። በግፊት ይቀያየራል። ግፊቱ ለጊዜው ከፍ ሲል ግድግዳው ይወጠራል፣ ሞገዱም ይፈጥናል፤ የደም ሥሩ ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ ግፊትን ለጊዜው የሚያነሣ ነገር ሁሉ ልኬቱን ያበላሻል። የባለሙያዎቹ ምክር እንዲህ ነው፦ ከልኬቱ በፊት ቢያንስ 3 ሰዓት ያህል ምግብ፣ ሲጋራና ቡና የለም፤ መጠጥ ደግሞ 10 ሰዓት። ክፍሉ ጸጥ ያለና የማይበርድ ይሁን። ቢያንስ 10 ደቂቃ ተጋድሞ ማረፍ። እየተለኩ ማውራት የለም፣ መተኛትም የለም። ድጋሚ ሲለካ በተመሳሳይ ሰዓት።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጎጃም ላይ አምጡትማ። ጠዋት አቦል ቶና በረካ ሳይጠጣ ከቤት የሚወጣ ማን ነው? ከቀበሌው ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለመድረስ ገሚሱን በእግሩ፣ ገሚሱን በባጃጅ የመጣ ሰው፣ ወረፋው ሲደርሰው ላቡ ሳይደርቅ ነው አልጋ ላይ የሚወጣው። የማርቆስን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ደግሞ ክፍሉ ምን ያህል ሊበርድ እንደሚችል አይጠፋውም። ብርድ ዳር ዳሩን ያሉትን ደም ሥሮች ያኮማትራል፣ ግፊት ያነሣል። "ቡና ጠጥተሃል?" ሲባል ደግሞ "ኧረ እሷን ብቻ ቀመስኩ" ይላል። እሷ ብቻ ግን ሦስት ስኒ ናት።

ጾሙም አለ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ቀትር ላይ ቢለካ፣ ከሦስት ሰዓቱ ሕግ አንጻር እንከን የለበትም። ግን ይሄው ሰው ከፋሲካ በኋላ ዶሮውን በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ የሚወጣው ቁጥር ከበፊቱ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ጥናት የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ዙር በጾም፣ ሁለተኛውን በፍስክ ካደረገ፣ የለካው ጊዜውን ነው እንጂ የደም ሥሩን አይደለም። ምርምሩን ለሚያቅድ ሰው ይሄ ከመሣሪያው ዋጋ በላይ የሚያሳስብ ነገር ነው።

በሌሎቹ መሣሪያዎችስ?

ብሽሽት መያዙ ስለሚያስቸግር ሌሎች መንገዶች መጥተዋል። ጃፓኖች በክንድና በቁርጭምጭሚት ላይ የግፊት ማሰሪያ አስረው ሞገዱን የሚለኩበት አለ። ልብስ ማውለቅ የለም፣ የለኪ እጅም ብዙ አይገባበትም፣ ስለዚህ ሲደጋገም ጥሩ ይመጣል። ነገር ግን የእግርን ደም ሥሮች ጨምሮ ስለሚለካ ቁጥሩ ከአንገት እስከ ብሽሽቱ ይበልጣል፤ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሳንቲ ሜትር ነው የሚጻፈው። 1300 የሚል ያየ ሰው 13 ሜትር ነው ብሎ ከ10ሩ ወሰን ጋር ካስተያየው ያለ ምክንያት ይደነግጣል። እነሱ ዘንድ በግልጽ ከፍ ያለ ነው የሚባለው 1800 ሲደርስ ነው። ካቪ የሚባል ሌላም የጃፓን ልኬት አለ፤ የተሠራው በልኬቱ ሰዓት ያለው ግፊት ቁጥሩን እንዳይጎትተው ታስቦ ነው፣ 9 ሲሞላ ከፍ አለ ይባላል። እነዚህ ሦስቱ አይመነዘሩም። እንደ ብርና ዶላር ምንዛሪ ያላቸው አድርጎ የሚያወራ ካጋጠማችሁ አትስሙት።

የሞገዱን ቅርጽ አይቶ ከእግር በኩል ተንጸባርቆ የሚመለሰው ምን ያህል እንደጨመረ በመቶኛ የሚናገርም አለ። ይሄኛው ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል፣ እኔ ግን ለጤነኛ ሰው ብቻውን ባየው ብዙም አልገዛውም። የልብ ምት በደቂቃ በ10 ሲጨምር ቁጥሩ በ4 ገደማ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ልብ 75 ጊዜ እንደሚመታ ተደርጎ የሚስተካከለው። በቁመትና በፆታም ይለያያል። አጭር ሴት ከረጅም ወንድ ከፍ ያለ ብታገኝ የደም ሥሯ ገትሮ ነው ማለት አይደለም።

በጣም የሚያስቀኝ ግን በአንድ የክንድ ማሰሪያ ብቻ የአኦርታን ፍጥነት "የሚለኩት" ናቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹ የሚያደርጉት መለካት ሳይሆን ማስላት ነው። ዕድሜያችሁን ትነግሯቸዋላችሁ፣ ግፊታችሁን ይወስዳሉ፣ የሞገዱን ቅርጽ ጨመር ያደርጉበትና ፍጥነቱን ይገምታሉ። አሥር ጊዜ ብትለኩ አሥሩም ይቀራረባሉ። ለምን አይቀራረቡ? ከጠዋት እስከ ማታ ዕድሜያችሁ አልተቀየረ! ድጋሚ ልኬቱ ያው መምጣቱ መሣሪያው ስለ ደም ሥራችሁ አንድ ነገር አውቋል ማለት አይደለም። የነገራችሁትን መልሶ ነግሯችሁ ይሆናል።

የኛ አቆጣጠር ደግሞ እዚህ ላይ ጉድ ይሠራል። አንድ ዘመዴ ምርመራ አድርጎ ያመጣው ወረቀት ላይ የትውልድ ዘመን 1979 ይላል። እውነት ነው፣ ሰውየው በ1979 ነው የተወለደው፣ በእኛ። መሣሪያው ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። በእኛ 1979 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 1986 ወይም 1987 ነው፣ ስለዚህ ገና አልጋው ላይ ሳይወጣ ሰባት ስምንት ዓመት ተጨምሮበታል። ዕድሜን ስሌቱ ውስጥ በሚያስገባ መሣሪያ ላይ ይሄ ተራ የጽሑፍ ስህተት አይደለም፣ ውጤቱ ውስጥ ይገባል። "የደም ሥርህ አርጅቷል" ብሎ ሲነግረው ገሚሱን ያረጀው መዝጋቢው ነው። "ስወለድ ንጉሡ ነበሩ" ከማለት ሌላ የልደት ቀን ለማያውቁት አባቶቻችንማ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ ራሱ ግምት ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ካላችሁ መጀመሪያ የልደት ዘመኑን እዩ።

"ተአማኒነቱ 0.96 ነው" ሲባል

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ተመራማሪዎች አንድን ልኬት ሲፈትሹ ሰዎችን ሁለት ጊዜ ይለኩና አይሲሲ የሚባል ቁጥር ያወጣሉ። ከ0 እስከ 1 ነው፣ ወደ 1 ሲጠጋ ግሩም ይባላል። ሻጮችም የሚወዱት እሱን ነው። ነገር ግን አይሲሲ የመሣሪያውን ስህተት ብቻውን አይነግራችሁም። ስህተቱን በሰዎቹ መካከል ካለው ልዩነት ጋር አስተያይቶ ነው የሚናገረው።

በምሳሌ ላሳያችሁ፣ ቁጥሮቹ የማስረጃ ሳይሆኑ የማሳያ ናቸው። የመሣሪያው ስህተት በሴኮንድ 0.4 ሜትር ነው እንበል። ዳንግላ ላይ በሃያዎቹ ያሉ ጤነኛ መምህራንን ሰብስበን ለካን። ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ደህና፣ እርስ በርስ የሚለያዩት በ0.5 ገደማ ብቻ። አይሲሲው 0.6 አካባቢ ይወጣል። "ደካማ መሣሪያ" ይባላል። በማግሥቱ ያንኑ መሣሪያ ይዘን እንጅባራ ሄድንና ከሃያ ዓመት ጎረምሳ እስከ ሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ጤነኛውንም ግፊት ያለበትንም ቀላቅለን ለካን። እነሱ የሚለያዩት በ2 ሜትር ገደማ ነው። አይሲሲው 0.96 ሆነ! "እጅግ አስተማማኝ መሣሪያ" ተባለ። መሣሪያው አልተቀየረም። ስህተቱም ያው 0.4 ነው። የተቀየሩት ሰዎቹ ናቸው።

ስለዚህ ከሽማግሌና ከበሽተኛ ተቀላቅሎ የወጣን ቆንጆ አይሲሲ አምጥቶ "ለጤነኛ ወጣትም ይሠራል" ማለት አይቻልም። ዝቅ ያለ አይሲሲ በወጣቶች ላይ መጥቷል ብሎ መሣሪያውን መጣልም እንደዚያው ስህተት ነው። መጠየቅ ያለበት ስህተቱ በሜትር በሴኮንድ ስንት ነው የሚለው ነው። ብላንድና አልትማን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1986 ላንሴት መጽሔት ላይ ያወጡት ሥዕላዊ መንገድ እስካሁን የሚሠራበት ለዚህ ነው፤ የሁለቱን ልኬት ልዩነት አንድ በአንድ ያሳያል፣ የሚደበቅ ነገር የለም። አርተሪ የሚባለው የባለሙያዎች ማኅበር በ2010 አዲስ መሣሪያ ከነባሩ ጋር ሲፈተሽ አማካይ ልዩነቱ ከ0.5 ሜትር፣ የልዩነቱ መበተን ደግሞ ከ0.8 ካልበለጠ እጅግ ጥሩ ነው ያለውም በዚሁ መለኪያ ነው። ከ1 ሜትር በላይ ከሳተ ደካማ።

ከ0.4 ስህተት ሌላ ነገር ይወጣል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲለካ ሁለቱም ልኬቶች ስህተት አላቸው። ስለዚህ ለውጡ እውነተኛ ነው ለማለት ስህተቱ በ2.77 ይባዛል፤ 1.1 ሜትር ይመጣል። ማለትም ባለፈው ዓመት 6.4 የነበረ ሰው ዘንድሮ 7.0 ቢሆን፣ ወይም ከ7.0 ወደ 6.4 ቢወርድ፣ አልተለወጠም ብሎ መቁጠር ነው የሚሻለው። ስፖርት ጀምሬ ወረደልኝ ማለትም፣ ጭንቀት አበዛሁና ወጣ ማለትም አይቻልም።

ደጋግሞ መለካት ይረዳል። የ2012ቱ ስምምነት ቢያንስ ሁለቴ ለኩና አማካዩን ውሰዱ፣ ሁለቱ ከ0.5 በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ለኩና መካከለኛውን ያዙ ይላል። ጥሩ ነው። ግን በአንድ ጠዋት ሦስቴ መለካት የለኪውን እጅ ስህተት ያቀልላል እንጂ የዚያን ቀን ስህተት አያነሣም። ሌሊቱን ልጅ አሞበት ያልተኛ ሰው ሦስቴ ቢለካ ሦስቴም ያልተኛ ሰው ነው። የቀኑን ለማጥፋት ሌላ ቀን መምጣት ያስፈልጋል። ብዙ ክሊኒክ ይሄን አያደርግም። ተመርማሪውም ሁለት ጊዜ የመኪና ከፍሎ አይመጣም፣ አይፈረድበትም።

ታዲያ ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል?

ይጠቅማል። በ2010 የወጣ፣ 17 ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ትንታኔ የሞገዱ ፍጥነት በ1 ሜትር ሲጨምር የልብና የደም ሥር ችግር የመከሰት ዕድል በ14 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጓቸው። ለጤና ትርጉም ያለው ለውጥ 1 ሜትር። በአንድ ሰው ላይ በአንድ ልኬት ለይተን ልናየው የምንችለው ትንሹ ለውጥ፣ በእኛ ምሳሌ፣ 1.1 ሜትር። ልክ ጫፍ ላይ ነው። ሺህ ሰው ሲለካ የአንዱ ወደ ላይ ያለ ስህተት በሌላው ወደ ታች ባለው ይጣፋልና አማካዩ ጥርት ብሎ ይወጣል። የአንድ ሰው አንድ ወረቀት ላይ ግን የሚያጣፋው የለም። ለጥናት ድንቅ የሆነ ልኬት ለግለሰብ ብዥ የሚለው ለዚህ ነው፣ ተቃርኖ የለበትም።

ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ ቁጥሮችም አሉ። ከስምንት የአውሮፓ አገሮች ከተሰበሰበ መረጃ፣ ሌላ የጤና ችግር ከሌለባቸው ሰዎች መካከል ከ30 ዓመት በታች ያሉት አማካይ 6.2፣ በሃምሳዎቹ ያሉት 8.3፣ ከ70 በላይ ያሉት 10.9 ነው። ልብ በሉ፣ ጤነኛ የተባለ የሰባ ዓመት ሽማግሌ በአማካይ የ10ሩን ወሰን ያልፋል። ደግሞ ሠንጠረዡ የአውሮፓውያን ነው። የጮቄን ተራራ ሥር ዳገት ቁልቁለት ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ቀጭን ገበሬ የተለካበት ሠንጠረዥ አይደለም። "የደም ሥር ዕድሜ" የሚባለው ነገር የሚወጣው እንዲህ ካለ ሠንጠረዥ ነው፦ ያንተን ፍጥነት ያይና በአማካይ የስንት ዓመት ሰው ነው እንዲህ ያለው ብሎ ይጽፍልሃል። በሠላሳዎቹ አማካዩ 6.5፣ በአርባዎቹ 7.2 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 0.7 ብቻ ነው፣ ከ1.1 በታች። ስለዚህ የልኬቱ መወላገድ ብቻውን አንድን የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው አሥር ዓመት ሊያስረጀው ይችላል። ዕድሜ አድርጎ መጻፉ ለመስማት ይቀላል፣ ለማሳሳትም ይቀላል።

ወረቀቱ ካላችሁ ሐኪማችሁን የምትጠይቁት ይሄን ነው። ከየት እስከ የት ነው የተለካው? ርቀቱ እንዴት ተያዘ? ስንቴ ተለካ፣ ሁለቱ ምን ያህል ተራራቁ? በዚያች ሰዓት የደም ግፊቴ ስንት ነበር? የመጨረሻዋ በተለይ። ግፊቱ 150 ሆኖ የተለካ 9 ሜትርና ግፊቱ 115 ሆኖ የተለካ 9 ሜትር አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሰው ላይ ምናልባት የምናየው የዕለቱን ግፊት ነው፣ በሁለተኛው ላይ ግን የደም ሥሩን ራሱን የማየት ዕድላችን ሰፊ ነው። ወረቀቱ ላይ ግፊት ካልተጻፈ ሐኪሙም ቁጥሩን በትክክል ሊያነብላችሁ ይቸገራል።

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሆናችሁ በዚህ ላይ መመረቂያ ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከዋናው ጥናት በፊት ሃያ ሠላሳ ጤነኛ ሰው በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በሁለት ለኪዎች ለኩ። የጾምና የፍስክ ቀን አትቀላቅሉ። የልደት ዘመኑን ስትመዘግቡ የኛ ነው የፈረንጅ የሚለውን አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ አይሲሲውን ጻፉ ከተባላችሁ ጻፉት፣ ከጎኑ ግን ስህተቱን በሜትር በሴኮንድ አስቀምጡልን።